ላሚቱ፣ ጥጃዋና «ተፈጥሮ»፦ ክዊር ቲዎሪ ጋጥ ሲገባ

የወተት ላም የሚያረባ ሰው ጠዋት ጋጥ ሲገባ ዓይኑ የሚፈልገው አንድ ነገር አለ። የትኛዋ ላም በየትኛዋ ላይ ወጣች? ስትወጣባትስ ሳትሸሽ ዝም ብላ የቆመችው ማን ናት? ያቺ ዝም ብላ የቆመችው ድራት ላይ ናት። ለአዳቃዩ፣ ዘሩን በመሣሪያ ለሚሰጠው ባለሙያ፣ ይደወላል። ጠዋት የታየች ከሰዓት፣ ከሰዓት የታየች በማግስቱ ጠዋት ትዳቀላለች። አሜሪካ፣ ዊስኮንሲን ያለ አዳቃይም ሰላሌ ያለ አዳቃይም ይህን ሕግ በቃሉ ያውቀዋል።

እዚህ ታሪክ ውስጥ ኮርማ የለም፤ ልብ በሉ። የወተት ኢንዱስትሪው እርግዝናን ሲያቅድ የኖረው ሴት በሴት ላይ ስትወጣ አይቶ ነው። ዘር የሚሰበሰብበት ማዕከል ስትሄዱ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። ኮርማው እንዲወጣበት የሚቀርብለት ብዙ ጊዜ ላም አይደለም። የተኮላሸ በሬ ወይም ሌላ ኮርማ ነው። ሠራተኛው ከጎን ሆኖ ዘሩን በሰው ሠራሽ ብልት ይቀበላል። ዘሩ ይመረመራል፣ ይበረዛል፣ በቀጫጭን ቀሰም ተሞልቶ ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ ሴልሺየስ በሆነ ፈሳሽ ናይትሮጅን ውስጥ ይቀመጣል። አባትና እናት አይተያዩም። አንዳንዴ አባትየው ከሞተ ዓመታት ካለፉ በኋላ ጥጃው ይወለዳል።

ከዚያ የወተቱ ፓኬት ላይ አረንጓዴ መስክ፣ አንዲት ላምና አንድ ጥጃ ተስለው እናያለን። ከሥሩ «ተፈጥሯዊ» ይላል።

በምዕራብ አገር ዩኒቨርሲቲዎች ያሉ አንዳንድ ተመራማሪዎች ክዊር ቲዎሪን ይዘው ወደ ወተት እርባታ የገቡት በዚህ ቀዳዳ ነው። አስተሳሰቡ የተወለደው ከግብረ ሰዶማውያን መብት እንቅስቃሴና ከኤድስ ዘመን ክርክር ነው። እንደ ትምህርት ዘርፍ ስም ያወጣው በ1990 አካባቢ፣ በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ነው (ከኢትዮጵያ ጋር በተያያዘ ዓ.ም. ካላልኩ በቀር ዓመታቱ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ጁዲት በትለርን የመሳሰሉ ጸሐፊዎች የጠየቁት ጥያቄ ቀላል ይመስላል። «ይህ ተፈጥሮ ነው፣ ያ ከተፈጥሮ ውጭ ነው» የሚለውን መስመር ማን አሰመረው? ለማንስ ይጠቅማል? በ1997 አሜሪካዊቷ ግሬታ ጋርድ ይህንን ጥያቄ ከአካባቢ ጥበቃና ከሴቶች ጥያቄ ጋር አገናኘችው። ኋላም ስለ ወተት ራሱ ጻፈች።

አገራችን ውስጥ ቃሉ ሲነሳ ወዲያው ሌላ ክርክር ይከፈታል፤ ሕጉም የታወቀ ነው። እዚህ የያዝኩት ግን የላም ጉዳይ ነው። ጥያቄው ከመጣበት መንደር ጋር የማይስማማ ሰውም ቢሆን ጥያቄውን ላሙ ላይ ሊሞክረው ይችላል።

አንድ ነገር ከወዲሁ እንለይ። ላም በላም ላይ መውጣቷ ስለ ሰው ልጅ ምንም አያረጋግጥም። ድራት ሆርሞን ነው፤ እንቁላል ሊወጣ መቃረቡን የሚናገር ምልክት ነው። ሁለቱም ወገን እንስሳትን ምስክር አድርጎ መጥራት ይወዳል። አንዱ «እንስሳት እንኳ አያደርጉትም» ይላል። ሌላው «እንስሳትም ያደርጉታል» ብሎ ይመልሳል። ላሞቹን ማንም አልጠየቃቸውም። እኔን የሚስበኝ ሌላ ነገር ነው። በጣም «ተፈጥሯዊ» ብለን የምንስለው ሕይወት፣ የላምና የጥጃ ሕይወት፣ ምን ያህል በፕሮግራም፣ በመሣሪያና በሒሳብ የተሠራ እንደሆነ ማየት ነው።

ዋናው ሒሳብ «በዓመት አንድ ጥጃ» የሚለው ነው። ላም ወተት እንድትሰጥ መውለድ አለባት። እርግዝናዋ 280 ቀን አካባቢ ነው። መደበኛው የአለባ ዘመን 305 ቀን ተብሎ ተቆርጧል። ከሚቀጥለው ወሊድ በፊት 60 ቀን ገደማ ትነጥፋለች። ይህ እንዲሞላ ከወለደች ከሁለት ከሦስት ወር በኋላ እንደገና መያዝ አለባት። ስለዚህ አብዛኛውን ዕድሜዋን ታልባም አርግዛም ትኖራለች። ሁለቴ ሦስቴ ተዳቅላ ያልያዘች ላም መዝገብ ላይ ቀይ ምልክት ይደረግባታል። ቀጥሎ ቄራ ነው።

ሊ ኤደልማን የሚባል አሜሪካዊ የሥነ ጽሑፍ ምሁር በ2004 ባወጣው መጽሐፍ ፖለቲካው ሁሉ «ለልጆቻችን» በሚል ምስል እንደሚገዛ ተከራክሯል። ልጅ የሌለው፣ ልጅ የማይወልድ፣ የወደፊቱ ጠላት ተደርጎ ይታያል ነው የሚለው። ለሰው ማኅበረሰብ ይህ ክርክር ምን ያህል ያስኬዳል? እኔ ብዙም አያሳምነኝም። እኛ ዘንድ አዲስ ቤት የገባን ሰው «እምቦሳ እሰሩ» ብለን እንመርቃለን። ነገን የምንመኘው በጥጃ ነው። በዚህ የሚከፋ ሰው አላየሁም።

ግን ሐሳቡን የወተት ፋርም ውስጥ አስገቡት። ነገሩ ሌላ መልክ ይይዛል። መላው ሥርዓት የቆመው በጥጃ መወለድ ላይ ነው፤ ጥጃው ራሱ ግን አይፈለግም። እንገሩን ይጠጣል፣ በሰዓታት ወይም በአንድ ቀን ውስጥ ከእናቱ ይለያል። ሥራው እናቱ ወተት እንድትጀምር ማድረግ ነበር፤ ያ ሥራ አልቋል። ሴት ከሆነች የነገ ላም ናት። ወንድ ሆልስታይን (ጥቁርና ነጩ የፈረንጅ የወተት ዝርያ) ከሆነ ግን ወተት አይሰጥ፣ ሥጋውም እንደ ሥጋ ዝርያ አይሞላ። ኒውዚላንድ ውስጥ በዓመት 2 ሚሊዮን ገደማ ጥጃዎች ገና በቀናት ዕድሜያቸው ይታረዱ ነበር። ግዙፉ የወተት ኩባንያ ፎንቴራ ገበሬዎች ተፈላጊ ያልሆኑ ጥጃዎችን ዝም ብለው ግቢያቸው ውስጥ እንዳይገድሉ የከለከለው በ2023 ነው። እኛም አገር ከተማ ውስጥ የፈረንጅ ላም የሚያረባ ሰው ለወንድ ጥጃ ወተት ማጠጣት ኪሳራ ነው ይላችኋል። ያገኘው ዋጋ ላይ ይሸጠዋል፣ አለዚያም ለወሰደው ይሰጠዋል።

ኢንዱስትሪው ለዚህ ያመጣው መፍትሔ ጾታን አስቀድሞ መምረጥ ነው። ሎውረንስ ጆንሰን የተባለ የአሜሪካ ግብርና መሥሪያ ቤት ተመራማሪ ሜሪላንድ፣ ቤልትስቪል ላይ ዘዴውን አሳየ። ሴት የሚያስወልደው የዘር ሴል ከወንዱ 4 በመቶ ያህል የበለጠ ዲኤንኤ አለው። ቀለም ይነከራል፣ በሌዘር ፊት ያልፋል፣ ደመቅ ያለው ወደ አንድ ወገን ይለያል። በዚህ የተዳቀሉ ላሞች ከሚወልዷቸው 10 ጥጃዎች 9 ያህሉ ሴት ናቸው። አሁን ብዙ ፋርሞች ምርጥ ላሞቻቸውን በዚህ ያዳቅላሉ። የተቀሩትን የሥጋ ዝርያ ዘር ይሰጧቸዋል። ጾታ የዕጣ ጉዳይ መሆኑ ቀርቶ ከካታሎግ የሚታዘዝ ዕቃ ሆኗል። ለወንዱ ጥጃ ከመገደል ይሻለዋል፤ ይህን አልክድም።

ካታሎጉ የማያውቃት ላም ደግሞ አለች። ላም ወንድና ሴት መንታ ስትጸንስ የሁለቱ የእንግዴ ልጅ የደም ሥሮች ብዙውን ጊዜ ይገናኛሉ። የወንዱ ሆርሞንና ሴሎች ወደ እህቱ ይሻገራሉ። እንዲህ ካሉ 10 ሴቶች ከ9 በላይ የሚሆኑት መካን ሆነው ይወለዳሉ። ከውጭ ጊደር ናት፤ ከውስጥ ማህፀኗ በቅጡ አላደገም፣ የእንቁላል ከረጢቷም ወደ ወንድ ዘር ፍሬ ያዘነበለ ነው። ስኮትላንዳዊው ሐኪም ጆን ሀንተር በ1779 ጽፎባታል። አሜሪካዊው ፍራንክ ሊሊ ደግሞ በ1910ዎቹ ምክንያቱ በደም የሚዞር ሆርሞን እንደሆነ አሳየ። ሆርሞን ጾታን እንዴት እንደሚቀርጽ ዛሬ የምናውቀው ብዙ ነገር መነሻው ይህቺ ጊደር ናት። ጾታ በክሮሞዞም ብቻ ተቆልፎ የሚያልቅ ጉዳይ እንዳልሆነ ሳይንሱ ከተማረባቸው ቦታዎች አንዱ ጋጥ ነው። ፋርሙ ለእሷ ያለው መልስ አጭር ነው፦ ተመርምራ ትሸጣለች።

ክዊር ቲዎሪ ስለ «የጠራ ዘር» የሚያነሳው ጥርጣሬ እዚህ ሜዳ ላይ የሚገርም ማስረጃ አለው። ከአሜሪካ ሆልስታይን ጀርባ ሁለት ኮርማዎች ቆመዋል። አንዱ በ1962 የተወለደው ቺፍ ነው፤ ሌላው በ1965 የተወለደው ኤሌቬሽን። የፔን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2015 እንዳሳዩት የአገሪቱ የማዳቀያ ኮርማዎች በአባት በኩል በሙሉ ማለት ይቻላል ወደ እነዚህ ሁለቱ ይደርሳሉ። ቺፍ ብቻውን 16 ሺህ ሴት ልጆች ነበሩት። የልጅ ልጆቹ ግማሽ ሚሊዮን፣ ከዚያ የሚቀጥሉት ከ2 ሚሊዮን በላይ። ወተት በመጨመር ያመጣው ጥቅም ወደ 30 ቢሊዮን ዶላር ተገምቷል።

ከወተቱ ጋር ግን ሌላም ነገር አውርሷል። በ2016 የታተመ ጥናት ቺፍ ጽንስ የሚያጨናግፍ የዘረ መል ጉድለት ይሸከም እንደነበር አረጋገጠ። በዓለም ዙሪያ ከ500 ሺህ በላይ ጽንሶች ባክነዋል፤ ኪሳራው 420 ሚሊዮን ዶላር ያህል ነው። ለዓመታት «ይህቺ ላም አልይዝ አለች» ተብሎ ስንቷ ቄራ ወርዳ ይሆን? ችግሩ ላሟ ላይ ተጽፎ ነበር። የመጣው ግን በሁሉም ከተወደደው ኮርማ ነው።

ይህንን ያገኙት የዘረ መል ሊቃውንት ክዊር ቲዎሪ አላስፈለጋቸውም። በሒሳብና በላብራቶሪ ነው ያገኙት። ንድፈ ሐሳቡ የሚጨምረው ሌላ ነገር ነው፦ ለምን ሁሉም ሰው ወደ አንድ አቅጣጫ እንደሮጠ ይጠይቃል። ሁሉም አርቢ በአንድ ቁጥር፣ በሊትር፣ ሲለካ የወደፊቱ ላም አንዲት ብቻ ትሆናለች። ወተት ጨመረ፣ የመራባት አቅም ወደቀ። የአሜሪካ ብሔራዊ የዘር ምዘና የላሞችን የመያዝ አቅም የጨመረው በ2003 ነው። ኖርዌይ ግን በ1970ዎቹ ነው ጤናንና መራባትን በዘር ምርጫዋ ያስገባችው። የኖርዌይ ቀይ ላም ዛሬ በዚህ ትታወቃለች። ያኔም ሌላ መንገድ ነበረ ማለት ነው፤ የመረጡትም ነበሩ።

አሁን ወደ ሌላኛው ወገን ልዙር፤ ምክንያቱም በዚህ ጉዳይ የሚጽፉ የንድፈ ሐሳብ ሰዎች ይህንን ዘለው ማለፍ ይቀናቸዋል። ምርታማነት በአየር ንብረት ሚዛን ቀላል ነገር አይደለም። አሜሪካ በ1944 ከ25 ሚሊዮን በላይ የወተት ላሞች ነበሯት። አሁን 9 ሚሊዮን ተኩል አካባቢ ናቸው፤ ወተቱ ግን በጣም በዝቷል። ጁድ ካፐርና ባልደረቦቿ በ2009 ባወጡት ስሌት፣ በ2007 አንድ ኪሎ ወተት ለማምረት የሚወጣው የካርቦን ልቀት በ1944 ከነበረው 37 በመቶው ብቻ ነበር። መሬቱ ወደ 10 በመቶ ወርዷል። ይህ ጨዋታ አይደለም። በወር ደሞዙ ለልጁ ወተት የሚገዛ ሰው ፊት ቆሞ «ምርታማነት የጭቆና ቋንቋ ነው» ብሎ መስበክ ደግሞ ያሳፍራል።

ሆኖም ስሌቱ የተካፈለው በምንድን ነው? በሊትር። ላም ሊትር ብቻ የምትሰጥ ከሆነ ስሌቱ ልክ ነው።

ኢትዮጵያ ውስጥ ላም ሊትር ብቻ አትሰጥም። 70 ሚሊዮን ገደማ ከሚሆነው የቀንድ ከብታችን አብዛኛው የሀበሻ ዝርያ ነው። የሀበሻ ላም በቀን አንድ ሁለት ሊትር ትታለባለች፤ ከፈረንጅ ላም አጠገብ ስትቆም ታሳፍራለች። ነገር ግን የሚያርሰው በሬ እናት ናት። ኩበቷ ማገዶ ነው፣ ፍጉ ማዳበሪያ ነው። ክፉ ቀን ሲመጣ ባንክ ናት። ድርቁን ትችላለች፣ መዥገሩን ትችላለች። የልቀቱ ስሌት ይህንን ሁሉ ሥራ ትቶ ላሟ የምትተነፍሰውን፣ አየሩን የሚያሞቀውን የሚቴን ጋዝ ዕዳ በሁለቱ ሊትር ላይ ሲጭነው «በሊትር ከፍተኛ በካይ» ትባላለች። ከበሬው፣ ከኩበቱና ከቁጠባው ላይ ድርሻ ድርሻውን ብናነሳ ቁጥሩ ይወርዳል። ሁሉንም ያስተካክላል አላልኩም፤ የተራበች ላም ሚቴን እየተነፈሰች ወተት የማትሰጥ መሆኗ እውነት ነው፤ መኖ ብቻ ብዙ ይለውጣል።

የእኛ የዝርያ ማሻሻል ታሪክ ረጅም ነው። በ1960ዎቹ መጨረሻ አርሲ ላይ ስዊድኖች ያገዙት የጭላሎ ፕሮጀክት ድቅል ጊደሮችን ለገበሬ ሲያድል ነበር። በ2015 ዓ.ም. የተጀመረው የሌማት ትሩፋት ደግሞ ወተትን ከዋና ግቦቹ አንዱ አድርጎታል። ለጅምላ ማዳቀል የሚውለው ሆርሞንም የዚህ አካል ነው። ላሞቹ በአንድ ላይ ይወጋሉ፣ በአንድ ላይ ድራት ይመጣባቸዋል፣ አዳቃዩ በአንድ ቀን ይጨርሳል። ዊስኮንሲን ላይ በ1990ዎቹ የተሠራው ፕሮግራም ከዚህም አልፏል፤ እሱን የሚከተል ፋርም ላሟ መቆሟን መጠበቅ አያስፈልገውም፣ በሰዓቱ ያዳቅላል። ጋጥ ገብቶ ማን በማን ላይ ወጣች ብሎ ማየትም በዚያው ይቀራል።

በዚህ ሁሉ መሃል ግን እኛ ጋ ያለ፣ አውሮፓ ደግሞ አሁን የሚፈልገው ነገር አለ። የሀበሻ ላም ጥጃዋ ከሌለ ወተት አታወርድም። ስለዚህ ጥጃው መጀመሪያ ይጠባል፣ ወተቱ ሲመጣ ይሳባል፣ አጠገቧ ይታሰራል። እሷ እየላሰችው ትታለባለች። ሲጨረስ የቀረውን ይጠባል። ጥጃው ከሞተ ቆዳውን ገለባ ሞልቶ ፊቷ የሚያቆም ገበሬ አለ። የግብርና ባለሙያ ይህንን «ኋላ ቀር» ሲለው ኖሯል። የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን በ2023 ባወጣው ሙያዊ አስተያየት ደግሞ ጥጃ ቢያንስ አንድ ቀን ያህል ከእናቱ ጋር እንዲቆይ፣ ወደፊት ደግሞ አብሮ የመቆያው ጊዜ እየረዘመ እንዲሄድ መክሯል። ደቡብ ምዕራብ ስኮትላንድ ውስጥ ዊልማና ዴቪድ ፊንሌይ ጥጃዎችን ከእናቶቻቸው ጋር ለወራት እያቆዩ አይብ ሲሠሩ ኖረዋል። ችግሩን አልደበቁም፦ ጥጃው ብዙ ይጠጣል፣ ላሟም ለማሽኑ ወተቷን ትይዛለች፣ ወጪው በመሸጫ ዋጋው መመለስ አለበት። መጀመሪያ ሲሞክሩት አቁመውት ነበር፤ ተመልሰው ነው የገቡበት።

ሁለተኛው መንገድ «በዓመት አንድ ጥጃ» የሚለውን ማላላት ነው። ዴንማርክ፣ ስዊድንና ኔዘርላንድ ውስጥ የአለባ ዘመንን ማራዘም ተሞክሯል። ላሟ ወዲያው አትዳቀልም፤ ጥቂት ወራት ትቆያለች። ብዙ የምትሰጥ ላም፣ በተለይ የመጀመሪያ ወላድ፣ በዚህ ብዙም ወተት አታጣም። የሚወለደው ጥጃ ቁጥር ይቀንሳል፣ ማለትም የማይፈለገው ጥጃም ይቀንሳል። ላሞች በብዛት የሚታመሙት በወሊድ ሰሞን ስለሆነ ያ አደጋም በዕድሜያቸው ላይ ይሳሳል። ለሁሉም ላም አይሆንም፤ ዝቅ ያለ ምርት ያላት ትወፍራለች፣ ቀድማ ትነጥፋለች። ላም ለመውለድ የተቆረጠላት ቀን ከሰማይ አልወረደም፤ የሚሞከር ነገር ነው።

ከክዊር ቲዎሪ ጸሐፊዎች መሃል ጠንካሮቹ፣ ጋርድን ጨምሮ፣ መንገዱን እስከ መጨረሻው ይሄዱበታል፦ ወተቱ ራሱ ይቅር። አቋሙን አከብረዋለሁ፤ እርጎ ስጠጣ ግን አይታወሰኝም። ኦርቶዶክሱ በዓመት ከግማሽ በላይ ለሚሆን ጊዜ በሚጾምበት አገር የወተት ነጋዴ በሁዳዴ ገበያው ሲቀዘቅዝ ምን እንደሚሆን ያውቃል። ወተት ያለማቋረጥ በየቀኑ መጠጣት አለበት የሚለው ሐሳብ የኢንዱስትሪው ነው፤ እኛ ጋ መቼም እንደዚያ አልነበረም። ይህንን ልማድ ወደ ዕቅድ ውስጥ አስገብቶ የሚያስብ የወተት ፖሊሲ ቢኖር ማየት እፈልጋለሁ። አሁን ጾም የሚቆጠረው እንደ ገበያ ችግር ብቻ ነው።

ለእርባታ ባለሙያዎቻችን የምጠቁመው አንድ መለኪያ አለ፤ ኔዘርላንድ ውስጥ ይጠቀሙበታል። ላሟ በሕይወቷ የሰጠችው ወተት በሙሉ ይደመርና ከተወለደችበት ቀን ጀምሮ በኖረችው ቀን ይካፈላል። ላም 20 ዓመት መኖር ትችላለች። በኢንዱስትሪው ፋርም አምስት ዓመት አካባቢ ሲሆናት ትወገዳለች፤ ከዚያ ውስጥ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ጥጃና ጊደር ሆና፣ ሳትታለብ የበላችባቸው ናቸው። በዚህ መለኪያ በሦስተኛ ወሊዷ የተሸጠች ባለ 40 ሊትር ላም፣ ስምንት ጊዜ ከወለደች መካከለኛ ድቅል ላም ጋር ያላት ርቀት ይጠባል። ለዚህ የሚያስፈልገው መዝገብ ነው፦ የልደት ቀን፣ የወሊድ ቀኖች፣ የተወገደችበት ቀንና ምክንያት። የማዳቀል ዘመቻ ሪፖርቶቻችን የሚቆጥሩት ግን ስንት ላም እንደተዳቀለችና ስንት ጥጃ እንደተወለደ ነው። የተወለደው ጥጃ የት እንደደረሰ፣ እናቱም ከዚያ በኋላ ስንት ዓመት እንደቆየች የሚጽፉበት ዓምድ ይጨመር።